ምን ነበረበት?

ስለ ጀሪካን በጋዜጣ መጻፍ የሚያስቀው አንባቢ አይጠፋም። ይሳቅ፤ ግን ከሳቀ በኋላ ጓዳው ገብቶ ይቁጠር። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ቤት ሁሉ፣ ደብረ ማርቆስም ይሁን አዲስ አበባ፣ ከወንበር የሚበዛው ጀሪካን ነው። የሞላለት ሮቶ ያቆማል፤ ያልሞላለት ቢጫውንና ነጩን፣ ባለ 20ውንና ባለ 5 ሊትሩን አልጋ ሥር ደርድሮ ቧንቧው የሚመጣበትን ሌሊት ይጠብቃል። ሊጡ የሚቦካው፣ ቡናው የሚፈላው፣ ልጆቻችን የሚጠጡት ከዚያ ተቀድቶ ነው። ይህን ዕቃ ስንገዛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ስንት ነው?»

ሌላም ጥያቄ እንዳለ ያሳየኝ ዓሣ የሚያረባ ወዳጄ ነው። ዓሣ የሚያረባ ስል ጣና ላይ መረብ የሚጥል እንዳይመስላችሁ። ደብረ ማርቆስ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ በመስተዋት ሣጥን ጥቂት ወርቃማ ዓሦች የሚያኖር ጡረተኛ ነው። ለዓሦቹ በየሳምንቱ ከውኃው ሩቡን ያህል ቀድቶ በአዲስ ይተካል። የቧንቧውን ውኃ ግን እንደመጣ አይገለብጠውም። ለእኛ ጀርም የሚገድልልን ክሎሪን ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳዋልና ክዳኑን ከፍቶ ቢያንስ አንድ ቀን ያሳድረዋል። ለዚህ ለብቻው የተለየ ጀሪካን አለው። ሳሙና አይነካውም፤ ጋዝ አይቀዳበትም፤ ለእንግዳም አይዋስም።

ባለፈው ሰሞን አንዱ ጀሪካን አፍስሶበት ሌላ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ አብሬው ወጣሁ። ያገለገሉ ዕቃዎች መሬት ላይ ተዘርግተዋል። አንድ ቢጫ ባለ 20 ሊትር አነሣና «ምን ነበረበት?» አለው ልጁን።

«ዘይት ነው፣ ጋሼ። የምግብ ዘይት።»

ወዳጄ በዚህ አልረካም። ክዳኑን ፈትቶ አሸተተ፣ ቂጡን ገልብጦ አየ፣ በፀሐይ አንጻር ያዘው። ከአጠገባችን አንዲት እናት፣ የሰባት ስምንት ዓመት ልጇን ይዛ፣ አንዲት ባለ 5 ሊትር ነጭ ዕቃ ትከራከራለች። የዕቃዋ ወረቀት ተልጦ ግማሹ ቀርቷል። ወዳጄ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«እታለም፣ ይሄ እኮ የአረም መድኃኒት የነበረበት ነው» አላት።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች ሳትደነግጥ። «በአመድ አሽቼ፣ በግራዋ አጥቤ ነው የማስቀዳባት። የዘይቱ ዋጋ አይቀመስም። ደግሞስ ጎረቤቱ ሁሉ በዚሁ አይደል የሚጠጣው? ማን ሞተ?»

ከፍላ፣ ዕቃውን ለልጇ አስይዛ ሄደች።

«ማን ሞተ?» ከባድ ጥያቄ ነው። ዓሣ ቢሆን መልሱ በማግስቱ ይገኛል። ጀሪካኑ ክፉ ነገር ይዞ ከነበረ ዓሣው በጀርባው ተንሳፍፎ ይታያል፤ ባለቤቱም ጥፋቱ የጀሪካኑ እንደሆነ ያውቃል። ልጅ ግን በማግስቱ አይሞትም። ትንሽ ትንሽ እየተቀላቀለ የሚጠጣ መርዝ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው። ዛሬ ሆዱን ቢያመው ምች ነው እንላለን፤ ከዓመታት በኋላ አንዱ የሰውነት ክፍሉ ቢከዳው ደግሞ የዚያችን ነጭ ዕቃ ስም የሚያነሣ ሐኪምም እናትም አይኖርም። ወዳጄን ጠንቃቃ ያደረገው ዓሦቹን ከልጅ አብልጦ መውደዱ አይደለም፤ ዓሦቹ ቶሎ ስለሚመሰክሩበት ነው።

ያችን እናት አላዋቂ ያላት ግን ተሳስቷል። የተናገረችው ከእናቷ የወረሰችውን እውቀት ነው፤ እውቀቱም በጊዜው ልክ ነበር። እንስራ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፤ የጠላ ጋን በወይራ ይታጠናል። ነገር ግን እንስራ ሲገዛ ያለፈ ታሪክ አልነበረውም። ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ወደ እሳት፣ ከእሳት ወደ ገበያ ነው የመጣው። ከእርሷ ቤት በፊት ሌላ ነገር አልያዘም። «ምን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም። ጀሪካን ግን ወደ እኛ የሚደርሰው አንድ ዕድሜ ኖሮ ነው። ከአስመጪው ወደ ባለ ሱቁ፣ ከባለ ሱቁ ወደ ቆራሌው፣ ከቆራሌውም ምናልባት በመርካቶው ምናለሽ ተራ በኩል አድርጎ ገበያችን ይወጣል። ፕላስቲክ ደግሞ የያዘውን ይመጠዋል። ነጭ ጋዝ የነበረበትን ጀሪካን አሥር ጊዜ ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ ሽታው ከሳምንት በኋላም ይመለሳል። ጋዝስ ደግነቱ ይሸታል። የማይሸተውን ምን ልናደርገው ነው?

ይህን ስል እንስራ ይመለስልን እያልሁ አይደለም። ሥነ ቃል ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት የታዘብሁት ነገር ቢኖር፣ ውኃ ወራጇን ከነእንስራዋ አሳምሮ የሚያወድሰው ብዙውን ጊዜ እንስራውን ያልተሸከመው ሰው መሆኑን ነው። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። እንስራው ባዶውን ራሱን የቻለ ሸክም ስለሆነ ያ በጀርባ ላይ ይደረባል፤ እግር ካዳለጠ ደግሞ ሁሉም ይፈስሳል። ጀሪካን ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ አህያ ላይ ይጫናል። ከዚህም በላይ፣ እንስራ ማዘል የሚያሳፍረው ወንድ ልጅ ጀሪካን ሲሆን ይዞ ይሄዳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዕቃው ራሱ የተወለደው ለውኃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ለጦር ነዳጅ ማመላለሻ የሠሩት፣ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ነው። «ጀሪ» እንግሊዞች ለጀርመን ያወጡት ቅጽል ስም ነው፤ «ጀሪካን» ማለትም የጀርመን ጣሳ እንደማለት ነው። ሦስት እጀታ ያደረጉለት አንድ ወታደር ባዶ ሲሆን ሁለቱን በአንድ እጁ እንዲያነሣ፣ ሲሞላም ለሁለት እንዲይዙት ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ነዳጅና ውኃ እንዳይቀያየሩ የውኃውን ጀሪካን ትልቅ ነጭ መስቀል ይቀቡት ነበር። ጦርነት ላይ ያለ ሰው፣ በዚያ ጥድፊያ፣ ለመጠጥ የሚሆነውን ለይቶ ምልክት ካደረገ፣ እኛ በሰላም ቤታችን ምን ይከለክለናል?

እንግዲህ ኪስ ሳይጎዳ ምን ይደረግ? ያገለገለ የሚገዛ የምግብ ዘይት የነበረበትን ይምረጥ፤ የፈላ ሳይሆን ሙቅ ውኃ ጨምሮ፣ ዘግቶና ነቅንቆ ያሽትተው። ዘይት የዘይት ሽታ ይሰጣል፤ ሌላ ሽታ ከመጣ ይመልሰው። ቂጡ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው ቁጥር 2 ጠንካራ የውኃና የምግብ ዕቃ የሚሠራበት ፕላስቲክ መሆኑን ይናገራል፤ ምን እንደነበረበት ግን አይናገርም። አፉ እጅ የማያስገባ፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ የተቀዳን ውኃ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው በየጊዜው የሚነከረው እጅና ጣሳ ነውና። መቅጃውና ማጠራቀሚያው ይለዩ። ብርሃን አረንጓዴ ሽበት ያበቅላልና ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ሃይላንድ የምንለው ስስ የፕላስቲክ ጠርሙስ ለመንገድ ጥሩ ነው፤ ለወራት ማጠራቀሚያ ግን አልተሠራም።

የመድኃኒቱን ዕቃ በተመለከተ ምክር የለኝም፤ ክልክል ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 በጋራ ያወጡት መመሪያ ገበሬው ባዶውን ዕቃ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ እጣቢውን መርጫው ውስጥ እንዲጨምር፣ ከዚያም ዕቃው ዳግም እንዳያገለግል እንዲበሳ ይመክራል። አንድ ሚስማር ይበቃል ማለት ነው። በጤፉና በስንዴው ማሳ መካከል ሚስማር የማይገኝበት ቤት የለም። ችግሩ ያልተበሳ ዕቃ ዋጋ አለው፤ የተበሳ የለውም። ስለዚህ ገበሬውን ብቻ ከመምከር፣ መድኃኒቱን የሚሸጠው ባዶውን መልሶ እንዲቀበል፣ ለመላሹም ጥቂት ሳንቲም እንዲከፍል ማድረግ ይሻላል። ለስላሳ ጠርሙስ በማስያዣ ስንመልስ የኖርን ሰዎች ነን፤ አሠራሩ አዲስ አይሆንብንም።

ለዚያች እናትም «አትግዢ» ማለት ቀላል ነው፤ የዘይቱ ዋጋ አይቀመስም ያለችን ግን እውነቷን ነው። ነጯ ዕቃ ገበያ ላይ እስካለች ድረስ፣ ገንዘብ ያጠረው ሰው ይገዛታል። ከገበያው መጥፋት ያለባት ዕቃዋ ናት። እስከዚያው ድረስ ጀሪካን ሻጩ ፊት የቆመ ሁሉ «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ምን ነበረበት?» ይበል። ደጋግሞ የተጠየቀ ነጋዴ ከጊዜ በኋላ መልሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ዕቃውንም ለይቶ መምጣቱ አይቀርም።