ከከሚሴ እስከ አሜሪካ፦ በሬ ሸጦ ለክረምት ሥራ?

ዛሬ ደግሞ በወሎ መንገድ ይዣችሁ ልውረድ።

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ የጣርማበርን ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ ብርዱ ወደኋላ ይቀራል። ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን እያላችሁ በጠቅላላው 325 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ጃኬት የምታስወልቀው ከሚሴ ትቀበላችኋለች። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ነች። ገበያ ውስጥ ኦሮምኛውና አማርኛው እየተቀባበሉ ይሰማሉ። ከከተማው ወጣ ሲሉ ቦርከና የሚያልፍበት የጨፋ ሜዳ፣ ማሽላና ከብት ነው።

ከሚሴ የመንገድ ከተማ ነች፤ መኪናው ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰውም እንደዚያው። በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ በየመን በኩል ሳውዲ የገባ ልጅ ያለው ቤት ብዙ ነው። ሂሳቡንም ሁሉም ያውቀዋል፦ ትበደራለህ፣ ለደላላ ትከፍላለህ፣ ሠርተህ ትመልሳለህ። ይህ ሂሳብ እዚያም ቢሆን ስንቱን እንዳከሰረ በ2006 ዓ.ም. አይተናል። ሳውዲ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ሰው ተመለሰ እንጂ ዕዳው አልተሰረዘም።

ታዲያላችሁ፣ በቅርቡ እዚያው ከሚሴ ሻይ ቤት ያጫወቱኝ አንድ አባት ይህንኑ ሂሳብ ወደ አሜሪካ አዙረውታል። ልጃቸው (ስሙ ይቆየን) ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመቀበያ ደብዳቤ ደርሶታል። ስኮላርሺፑ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚሸፍነው። «ሁለቱን በሬዎች ልሸጥ ነው፤ የጎደለውን ከዘመድ እበደራለሁ። በመጀመሪያው ክረምት ሠርቼ እመልሰዋለሁ፣ አብሽር ብሎኛል» አሉኝ።

ወይ ጉድ! በሬ እኮ ለገበሬ ሥራውም ባንኩም ነው። ልጁን አስጠሩልኝና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ያልኩትን ለእናንተም ልድገመው፤ የሱ ዓይነት ዕድል የገጠመው ሌላም ይኖራልና።

በመጀመሪያ፣ አሜሪካኖች «ሰመር» የሚሉት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ ነው። እኛ በዝናብ ማሽላ ስናርም እነሱ በፀሐይ ዕረፍት ላይ ናቸው። የተማሪ ቪዛ፣ ማለትም ኤፍ ዋን ያለው ሰው ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ ደግሞ ሙሉ ቀን መሥራት ይችላል። ግን የሚሠራው እዚያው ካምፓስ ውስጥ ነው፦ ካፍቴሪያ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የተማሪዎች ማደሪያ። እሱም ክፍት ቦታ ከተገኘ ነው።

ከካምፓስ ውጭ መሥራት በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት አይፈቀድም። ከዚያ በኋላም ሥራው ከሚማረው ትምህርት ጋር የተያያዘ ሆኖ አስቀድሞ ሊፈቀድለት ይገባል። ለችግረኛ ተማሪ የሚሰጥ የተለየ ፈቃድም አለ። እሱም አንድ ዓመት ከተማሩ በኋላ ሲሆን ችግሩ ያልታሰበና ከአቅም በላይ መሆን አለበት። ከአገር ሲወጡ የሚያውቁት ብድር «ያልታሰበ» አይባልም።

«ዋሽንግተን ያለ ዘመዴ ፓርኪንግ አስገባሃለሁ ብሎኛል» አለኝ ልጁ። የዘመድ ፍቅር ጥሩ ነው፤ ግን ያለ ፈቃድ የተሠራ አንድ ሳምንት የተማሪነት ሕጋዊነትን ያሳጣል። ያን ጊዜ ትምህርቱም ሥራውም ይቀራል። ሥራ ከመጀመር በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መጠየቅ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድም በነፃ ነው የሚሰጠው፤ ገንዘብ ካስከፈላችሁ ሰው ሽሹ።

«ሰመር ወርክ» እያሉ የሚያወሩ ደላሎችም አሉ። ፕሮግራሙ እውነት አለ፤ ቪዛው ጄ ዋን ይባላል፣ ቢበዛ ለ4 ወር ነው። ግን ከአሜሪካ ውጭ ባለ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በመደበኛነት እየተማረ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ለጨረሰ ተማሪ ነው። የሚያስተናግዱትም የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፈቀደላቸው ድርጅቶች ብቻ ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰን ልጅ «በዚህ እልክሃለሁ» የሚል ካለ ኪሳችሁን ያዙ።

አሁን ሂሳቡ። የአሜሪካ የፌዴራል ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉ ስቴቶች ብዙ ናቸው። በዝቅተኛው እናስብ። በሳምንት 40 ሰዓት፣ 10 ሳምንት ሲሠራ 2,900 ዶላር ይመጣል። ከዚህ ላይ የክረምቱን ማደሪያ፣ ምግብና ግብር ቀንሱ። የሚተርፈው ለመጪው ዓመት መጽሐፍና ልብስ ቢሆን ነው እንጂ የዘመድ ብድር አይከፍልም።

አባትየው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ታዲያ በሬዎቹ ተሽጠው ይቀሩ ነበራ!» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፋ። አሳዘነኝ፤ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ደብዳቤውንም ያገኘው በገዛ ጥረቱ ነው።

ስለዚህ አትሂድ አላልኩትም። ለዩኒቨርሲቲው ጻፍ አልኩት። ተጨማሪ ዕርዳታ መኖሩን፣ ካምፓስ ውስጥ ሥራ በምን ያህል ዕድል እንደሚገኝ፣ ካልሆነም ቦታውን ለአንድ ዓመት ያቆዩለት እንደሆነ ይጠይቅ። መጠየቅ በሬ አያስሸጥም። ቪዛ ሲጠይቅም የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየት ስላለበት «ሠርቼ እከፍላለሁ» ብሎ ቆንስላው ፊት መቆም አያዋጣም። በሬዎቹ መልሱ እስኪመጣ ይቆያሉ ተባባልን።

ወላጆችም ይህን ያዙልኝ። ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ለሥራ ነው፤ በተማሪ ቪዛ አሜሪካ የሚሄደው ግን ለትምህርት ነው። የክረምት ሥራው ለራሱ ለልጁ መደጎሚያ እንጂ የቤተሰብ ዕዳ መክፈያ አይደለም። ብሩን ለቅማችሁ፣ ብድሩን ተፈራርማችሁ ከመሸኘታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ክረምት አብራችሁ በወረቀት ላይ አስሉት።

ቸር ያሰንብተን!