ከቶኪዮ እስከ ወልቂጤ መናኸሪያ

ሰለሞን ባረጋ በሐምሌ 2013 በቶኪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትሩን ሲያሸንፍ ሁላችንም እግሩን ነበር የምናየው። የጉራጌ ልጅ፣ ለዚያውም የኢትዮጵያ ብቸኛ ወርቅ! እኔ ግን የውድድሩ መለያ የሆነችው ትንሿ ሰማያዊ የሯጭ ምስል እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ዘሯ የሚቆጠረው አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ካገኘበት ከ1957ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው። ጃፓኖች ያኔ ጭንቅ ይዟቸው ነበር። ከዘጠና በላይ አገር እንግዳ ሊገባ ነው፤ ጽሑፋቸውን የሚያነብ ግን እምብዛም የለም። ማሳሩ ካትሱሚ የተባሉ የዲዛይን ሐያሲ ወጣት ዲዛይነሮችን ሰብስበው ፊደል የማያሻው ምልክት አሠሩ። ሃያውን ስፖርት ዮሺሮ ያማሺታ ሣለው፤ ለራስ አንድ ክብ፣ ለእጅና ለእግር ጥቂት ወፍራም መስመር። ፊት የለው፣ ጣት የለው፤ ግን ዋናተኛውን ከቦክሰኛው ጋር የሚያምታታ ሰው አይገኝም። የቀሩት ሽንት ቤቱን፣ ስልኩን፣ ምግብ ቤቱን ተከፋፈሉት። ሥራው ሲያልቅ ካትሱሚ ሁሉንም አስፈረሟቸው፦ የባለቤትነት መብታችንን ትተናል፣ የፈለገ ይጠቀምበት።

ለእኔ ከሥዕሉ ፊርማው ይበልጥብኛል፤ መንገዱን ለማንም ከፍቷልና። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ማሞ ወልዴ ባሸነፈበት ሜክሲኮ፣ አሜሪካዊው ላንስ ዋይማን በዚያው መንገድ ሄደ። ቀጥሎም ለሜክሲኮ ሲቲ የምድር ውስጥ ባቡር ለየጣቢያው አንዳንድ ሥዕል አወጣ፤ ማንበብ የማይችል ተሳፋሪ ሥዕሉን አይቶ ይወርዳል። በየፎቁ መውጫ በር ላይ የምናያት አረንጓዴዋ የምትሮጥ ምስልም የሌላ ጃፓናዊ፣ የዩኪዮ ኦታ ሥራ ናት። ማሳአኪ ሂሮሙራ ደግሞ የሰለሞንን ዘመን ምልክቶች ሲሠራ መነሻው የ1957ቶቹ ነበሩ።

አሁን ወደ ቤታችን። ለመስቀል አገር ሲገባ የወልቂጤን መናኸሪያ ያየ ያውቀዋል። ቸሃው፣ እዣው፣ ቀቤናው፣ ኦሮሞው በየቋንቋው ይጣራል። ቡታጅራ ላይ መስቃኑ፣ ማረቆው፣ ስልጤው፣ ክስታኔው ይገናኛል። የሽንት ቤቱ በር ላይ ግን በቀይ ቀለም «ወ» እና «ሴ» ብቻ። ፊደል ያልቆጠሩ እናት ነጠላቸውን አጥብቀው የሚያልፈውን ሁሉ «የቱ ነው ልጄ?» ይላሉ። መኪናው ላይም ያው ነው፤ ረዳቱ ካልጮኸ መድረሻውን የሚነግር ሥዕል የለም።

ምልክት ብርቅ ሆኖብን አይደለም። የድሮ ሥጋ ቤት በበሬ ራስ፣ ፀጉር ቤት በተቆረጠ ጎፈሬ ይታወቅ ነበር፤ ሠዓሊው በብሩሽ ይጥለዋል፣ ደንበኛ ሳያነብ ይገባል። ምርጫ ቦርድም ይህን ያውቃል፣ የፓርቲ ምልክት የሆኑትን ንብና አምፖል እያየን የመረጥነው ለዚህ ነው። አሁን ባነር ቤቱ ከኢንተርኔት የወረደ የክትፎ ፎቶ ላይ አሥር መስመር ጽሑፍ ያጭቃል፤ ከአሥር ሜትር ርቀት ክትፎው ራሱ አይለይም። (የቀለም ሠዓሊዎቹን ሥራ ማሳጣቱ ሳያንስ!)

እኔን ቢጠይቁኝ ከተራ ማስከበሪያው እጀምራለሁ። ለቡታጅራ መኪና በርበሬ። ለጥያ ሰይፍ፤ እሱንማ አባቶቻችን ትክል ድንጋዩ ላይ ቀርጸው ጨርሰውታል፣ መገልበጥ ብቻ ነው። ለእንድብር እንሰት እላለሁ፣ የጉመር ሰዎች ግን እንሰቱ የእኛ ነው ብለው እንደሚሟገቱኝ አውቃለሁ። ለአዲስ አበባ ምን ይሁን? አንበሳ እንዳትሉኝ ብቻ።