ወረርሽኝና የሰው ቀለም

ሞት ጌታና ሎሌን አይለይም እየተባለ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ነገሩ ስለ ሞት የተነገረ እንደ ሆነ እውነት ነው፤ ከመሞት የሚቀር የለምና። ስለ ወረርሽኝ የተነገረ እንደ ሆነ ግን ልቀበለው አልችልም። እርግጥ በሽታው ራሱ ዓይን የለውም፤ የሚይዘውን ሰው ቀለም አይቶ አይመርጥም። ሆኖም ወረርሽኙ አልፎ የሟቾች መዝገብ ሲገለጥ፥ አንዱ ወገን በጥቂቱ፥ ሌላው ወገን በብዙው ሞቶ ይገኛል። ይህን ልዩነት ያመጣው በሽታው አይደለም። በሽታው ከመምጣቱ አስቀድሞ በቤቱ ጥበት፥ በሥራው ዓይነትና በደመወዙ ልክ ተደልድሎ የቈየ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው። መዝገቡ እንደ ተገለጠ ሰዎች ምክንያት መፈለግ ይጀምራሉ። የሚፈልጉትም ብዙውን ጊዜ በሟቹ አካል ውስጥ ነው። የሰውን ቤት ከመመርመር ሥጋውን መመርመር ይቀላቸዋልና። ይህን ለማስረዳት ብዙ አገር መዞር አያስፈልገኝም፤ በአሜሪካ የምትገኘው የፊላደልፊያ ከተማ ትበቃኛለች። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በ1793 ዓ.ም. ፊላደልፊያ የአሜሪካ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች፤ የሕዝቧም ቍጥር 50,000 ያህል ነበር። በዚያ ዓመት በኦገስት ወር ቢጫ ወባ የተባለው በሽታ በወደቡ አጠገብ ተነሥቶ እስከ ኖቬምበር ድረስ 5,000 ያህል ሰው ፈጀ፤ ከዐሥር ሰው አንዱ ሞተ ማለት ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው በ1900 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ በዚያን ጊዜ ማንም ከምን እንደሚሸሽ በትክክል አያውቅም ነበር። ቢሆንም መሸሽ የቻለ ሁሉ ሸሸ። ፕሬዚዳንቱ ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ በሴፕቴምበር ከተማይቱን ለቅቀው ሄዱ። የሚያስታምም፥ ሬሳ የሚያነሣ፥ መቃብር የሚቈፍር ሰው ጠፋ።

በከተማይቱ ስመ ጥር የነበሩት ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ይባላሉ። በ1776 ዓ.ም. የነጻነቱን አዋጅ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ናቸው። ባርነትን በግልጥ የተቃወሙና ለጥቁሮችም ወዳጅ የነበሩ ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ክፉ ሰው ነበሩ ብሎ ነገሩን ቶሎ እንዳይዘጋው ብዬ ነው። ደግ ሰው ሳያስበው የሚያደርሰው ጕዳት፥ ክፉ ሰው አስቦ ከሚያደርሰው ይልቅ ለትምህርት ይበጃልና። ረሽ ስለ ቻርልስተን ከተማ የቀድሞ ወረርሽኝ የተጻፈ ነገር አንብበው፥ ቢጫ ወባ ጥቁርን ሰው አይዝም ብለው አመኑ። ስለዚህ ጥቁሮች ወጥተው በሽተኞችን እንዲያስታምሙ በጋዜጣ ለመኑ።

ጥሪውን የተቀበሉት አብሰሎም ጆንስና ሪቻርድ አለን የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ባሪያ ሆነው ተወልደው፥ ነጻነታቸውን በገንዘብ የገዙ ናቸው። በ1787 ዓ.ም. ነጻ የአፍሪካውያን ማኅበር የሚባል አቋቁመው ነበር። አባሎቹ በየወሩ እያዋጡ የታመመውን ይረዱ፥ ባል የሞተባትንም ይደግፉ ስለ ነበረ፥ እድርን ለሚያውቅ ሰው ማኅበሩ እንግዳ አይሆንበትም። ከነጮች ጋር በሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን፥ ለጥቁር ባልተፈቀደ ስፍራ ተንበርክካችኋል ተብለው፥ ጸሎታቸውን ሳይጨርሱ እንዲነሡ የተደረጉትም እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። እንዲህ ያደረገቻቸው ከተማ በጭንቅዋ ቀን ስትጠራቸው ወጡላት። በየቤቱ እየገቡ አስታመሙ፤ የሚያነሣው ያጣውን ሬሳ በጋሪ እየጫኑ ቀበሩ። ሐኪም ስላነሰም ረሽ እንዳስተማሩአቸው ከ800 ለሚበልጡ ሰዎች ደም አፈሰሱ። ደም ማፍሰስ ለዚህ በሽታ እንደማይጠቅም፥ እንዲያውም ሕመምተኛውን እንደሚያደክም ዛሬ እናውቃለን፤ ዋግምት ለሚያውቁ ለአባቶቻችንም ቢሆን ያን ያህል ደም ማውረድ የሚያስደነግጥ ነበር።

በሽታው ጥቁርን አይዝም የተባለው ግን ያዘ። ጆንስና አለን ራሳቸው እንደ ጻፉት፥ በ1792 ዓ.ም. በከተማይቱ የተቀበሩት ጥቁሮች 67 ነበሩ፤ በወረርሽኙ ዓመት 305 ሆኑ። የስሕተቱ ምንጭ ዛሬ ግልጥ ነው። ቢጫ ወባ በልጅነቱ ይዞት የተረፈ ሰው ዳግመኛ አይያዝም። በአፍሪካ ወይም በካሪብ ደሴቶች ተወልደው ያደጉ ብዙዎች በልጅነታቸው ታመው ስለ ዳኑ በሽታውን ይቋቋሙት ነበር። በፊላደልፊያ የተወለደው ጥቁር ግን ከነጩ ጎረቤቱ የተለየ መከላከያ አልነበረውም። የመከራ ጠባሳ የነበረውን ነገር የቀለም ስጦታ አድርገው ቈጠሩት።

ወረርሽኙ እንዳቆመ፥ ማቲው ኬሪ የሚባል መጽሐፍ አሳታሚ ስለ በሽታው ታሪክ ጽፎ በኖቬምበር አወጣ። መጽሐፉ በጣም ተሸጠ፤ ደጋግሞም ታተመ። በዚህም መጽሐፍ ኬሪ ጆንስንና አለንን ካመሰገነ በኋላ፥ ከጥቁር አስታማሚዎች አንዳንዶቹ በሰው ጭንቅ ከመጠን ያለፈ ገንዘብ ተቀበሉ፥ የበሽተኛ ቤትም ዘረፉ ብሎ ከሰሰ። ሁለቱ ሰዎች በጃንዋሪ 1794 ዓ.ም. ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው መልስ ሰጡ። የአስታማሚ ዋጋ የናረው በሽተኛ ያለባቸው ሰዎች አንዱ ከሌላው እየበለጠ ስለ ከፈለ መሆኑን፥ የሰረቁ ነጮችም እንደ ነበሩ፥ ያለ አንዳች ዋጋ ያስታመሙ ድኾች ጥቁሮችም እንዳሉ አስረዱ። ኬሪ ራሱ በጭንቁ ጊዜ ከተማውን ለቅቆ ሄዶ እንደ ነበርና፥ ከመጽሐፉም ሽያጭ ከማንኛውም አስታማሚ ይልቅ እንዳተረፈ ሳያነሡ አላለፉም። ከዚያም ሒሳባቸውን አቀረቡ። ሬሳ በማንሣት የተቀበሉት 233 ፓውንድ ያህል ሲሆን፥ ለሬሳ ሣጥንና ለቀጠሩአቸው ሠራተኞች ያወጡት 411 ፓውንድ ነበር።

እኔ ይህን ሒሳብ ባሰብሁት ቍጥር ልቤ ይነካል። ሰው ለበጎ ሥራው ደረሰኝ ያቀርባልን? ከተማውን ጥሎ ከሸሸው ሰው ሒሳብ የጠየቀ የለም። የተጠየቀው የቈየው ነው፤ የቈየውም ሰው ስሙን ለማዳን ሽልንጉንና ፔኒውን ሳይቀር መቍጠር ግድ ሆነበት።

ነገሩን በሰው አገር ብቻ አይተን እንዳንመጻደቅ፥ የእኛንም ላንሣ። በአገራችን ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው እያልን፥ ልጅ በታመመ ጊዜ የእነርሱ ዓይን ነው እንል ነበር፤ ዛሬም የሚል አልጠፋም። ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ አርሰን፥ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተን እየበላን ነው እንዲህ የምንለው። የእጁን ሥራ ፈልጎ ሰውየውን መሸሽ የአንድ አገር ሕዝብ ጠባይ ብቻ አይደለም።

ወደ ፊላደልፊያ ልመለስ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ወሬው ተገለበጠ። በ1896 ዓ.ም. የአንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ የስታቲስቲክ ዐዋቂ የነበረው ፍሬድሪክ ሆፍማን መጽሐፍ ጽፎ፥ ጥቁሮች በሳምባ ነቀርሳና በሌላም በሽታ የሚያልቁት በተፈጥሯቸው ደካሞች ስለ ሆኑ ነው አለ። በአያቶቹ ዘመን በሽታ አይዘውም የተባለው ሰው፥ በልጅ ልጆቹ ዘመን በሽታን መቋቋም የማይችል ፍጥረት ሆነ። የሁለቱ ወሬዎች ቃል ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ጥቅማቸው ግን አንድ ነው። የፊተኛው ጥቁሩን ያለ ዕረፍት ወደ በሽተኛ ቤት ለመላክ ረዳ። የኋለኛው ደግሞ ኩባንያው ቀድሞውኑ ከ1881 ዓ.ም. ጀምሮ እኵል ከፍሎ ለሚገባ ጥቁር ደንበኛ የሚሰጠውን የሞት ገንዘብ በሢሶ ማሳነሱን ትክክል አስመሰለው።

በዚያው ሰሞን ዱቦይስ የተባሉ ጥቁር ሊቅ በፊላደልፊያ ሰባተኛው ቀበሌ ቤት ለቤት እየዞሩ ይጠይቁ ነበር። ስንት ሰው በስንት ክፍል ይኖራል? ኪራዩ ስንት ነው? ምን ሥራ ትሠራላችሁ? ከምን ሥራስ ተከለከላችሁ? ያገኙትንም በ1899 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጡ። ጥቁሩ ደኅነኛውን ሥራ ተከልክሎ፥ ለተጨናነቀና ለቈሸሸ ቤት ከፍ ያለ ኪራይ እንደሚከፍል ጻፉ። ሆፍማን ከጽሕፈት ቤት ሆኖ በሥጋው ውስጥ የፈለገውን ምክንያት፥ ዱቦይስ በር እያንኳኩ በደረጃው ሥር አገኙት። የብዙ ሰዎችን ጆሮ ለረጅም ጊዜ ያገኘው ግን ሆፍማን ነበር።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። ኮሮና በ2020 ዓ.ም. ሲነሣ በመጀመሪያ የተናፈሰው ወሬ ጥቁርን አይዝም የሚል ነበር። የ1793 ወሬ ከመቃብሩ ተነሥቶ መጣ ማለት ነው። ጥቂት ወራት ሳይቈይ መዝገቡ ሲገለጥ፥ በዕድሜ ተመዛዝኖ ሲታይ በአሜሪካ ጥቁሩ ከነጩ ወደ ሁለት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይሞት ነበር። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ የነጮች አማካይ ዕድሜ ከአንድ ዓመት በጥቂቱ የሚበልጥ ሲቀንስ፥ የጥቁሮች ወደ ሦስት ዓመት ያህል ቀነሰ። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢም እንዲሁ ነው። በከተማው ከሕዝቡ እኩሌታ የማይሞሉት ጥቁሮች፥ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሞቱት ከአራቱ ሦስት ያህል እነርሱ ነበሩ።

በዚህ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ይህ የጥቁር አሜሪካውያን ጣጣ ነው፥ እኛን ምን አገባን ሲሉ ሰምቻለሁ። ታክሲ የሚነዳው፥ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፥ በሆስፒታል የሚያጸዳው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ መሥራት የማይችል መሆኑን ረስተውት ነው። አንዲት የአገሬ ልጅ ሌሊት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ፥ ቀን ደግሞ በሌላው ትሠራ ነበር፤ የአንዱ ደመወዝ የቤት ኪራይ አይሞላላትምና። አንዱን የአፍ መሸፈኛ ለብዙ ቀን እንድታደርገው ተነግሯት ነበር። በሜይ ወር ታመመች። እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግራት ከጤና መሥሪያ ቤት ሲደወልላት በስልክ አስተረጐምሁላት። ስሟን፥ ዕድሜዋን፥ ቀጥሎም ዘሯን ጠየቁ።

«ኢትዮጵያዊት ነኝ ይበሉልኝ፥ ጋሼ» አለችኝ።

አልሁላት። እንደዚያ የሚል ክፍል በቅጹ ላይ የለም ተባለና ጥቁር ተብላ ተጻፈች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፥

«ቀለሜን ለምን ፈለጉት?» አለችኝ።

«የታመመውን በየወገኑ ለመቍጠር ነው» አልኋት።

እስክትጨርስ ድረስ ሳለችና፥ «ሥራዬንስ ጠየቁ?» አለችኝ።

አልጠየቁም ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ ከሳምንታት በኋላ ድና ወደ ሁለቱም ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ጥያቄዋን እስካሁን አልረሳሁትም። ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች ክፉ አሳብ አላቸው አልልም፤ ቀለም ባይጻፍ ኖሮ ልዩነቱም ባልታወቀ ነበር። ነገር ግን ቀለሙ ተጽፎ ሥራው ሳይጻፍ ሲቀር፥ መዝገቡን የሚያነብ ሰው ምክንያቱን ከቀለሙ በቀር የት ይፈልገዋል?

መሣሪያ እንኳ ይህን ስሕተት ይማራል። በዚያው በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ የሚሺጋን ሐኪሞች፥ በጣት ላይ እየተሰካ የደምን ኦክሲጅን የሚለካው ትንሽ መሣሪያ፥ በጥቁር ሕመምተኛ ላይ የኦክሲጅኑን ማነስ ሳያሳይ የሚቀርበት ጊዜ ከነጭ ሕመምተኛ ወደ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳወቁ። ብርሃኑ በጠቈረ ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ ልኩ ይዛባልና። መሣሪያው በየሆስፒታሉ ከተሠራጨ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር።

ክትባቱ ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛው ወሬ ተነሣ። አሁን በደለኛው ሥጋው መሆኑ ቀርቶ ልቡ ሆነ፤ ጥቁሮች ሐኪም አያምኑም፥ ክትባት ይፈራሉ ተባለ። በእርግጥ ለመፍራት ምክንያት ነበራቸው። በአላባማ በተስኪጊ፥ ከ1932 እስከ 1972 ዓ.ም.፥ የቂጥኝ በሽታ ያለባቸውን 399 ጥቁር ሰዎች የመንግሥት ሐኪሞች መድኃኒቱ ከተገኘም በኋላ ሳያክሙ ሲመለከቱአቸው ኖረዋል። ነገር ግን ይህ ወሬም ቢሆን፥ ክትባቱ የት ይሰጣል፥ ቀጠሮ የሚያዘው በምንድር ነው፥ በስንት ሰዓትስ ይዘጋል ብሎ ከመጠየቅ የሚያሳርፍ ነበር።

በፊላደልፊያ ተወልደው ያደጉት የሕፃናት ቀዶ ሐኪም አላ ስታንፈርድ ይህን ጠየቁ። አስቀድሞ በኤፕሪል 2020 ዓ.ም. መኪና የሌለው ወይም የሐኪም ወረቀት ያልያዘ ሰው ሳይመረመር እንደሚመለስ ባዩ ጊዜ፥ በገዛ ገንዘባቸው መኪና ተከራይተው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ግቢ እየዞሩ መመርመር ጀምረው ነበር። ወረቀት አልጠየቁም። በፌብሩዋሪ 2021 ዓ.ም. ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ የዩኒቨርሲቲ የስፖርት አዳራሽ 24 ሰዓት ሳይዘጉ፥ ቀጠሮ ሳይጠይቁ ከተቡ። ቀን ሥራ ላይ የሚውለው ሰው በሌሊት መጣ። በዚያ አንድ ቀንና ሌሊት 4,000 ያህል ሰው ተከተበ፤ ክትባት ይፈራሉ የተባሉትም ሰዎች በክረምቱ ብርድ በመንገዱ ላይ ተሰልፈው ተራቸውን እየጠበቁ ነጋላቸው።