ሁለት ጊዜ የምትጠልቅ ፀሐይ

ዱባይ የደረሰ እንግዳ አስቀድሞ የሚያደክመው አንገቱን ነው። ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ወደ ላይ ተመዟል። ሕንፃው በተመረቀ በዓመቱ፣ በ2011 እ.ኤ.አ.፣ የከተማዋ ሙፍቲ በረመዳን ከ80ኛው ፎቅ በላይ ያሉ ጾመኞች ሁለት ደቂቃ፣ ከ150ኛው በላይ ያሉት ደግሞ ሦስት ደቂቃ ዘግይተው እንዲያፈጥሩ ተናገሩ። ከምድር የጠለቀችው ፀሐይ ከላይ ገና ትታያለችና። በዚያች ከተማ ምሽቱ እንኳ ለሁሉም እኩል አይመሽም።

ለሚሄድ ሰው ምክሬ አጭር ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ሐምሌና ነሐሴ እሳት ናቸው። የሕንፃውን ትኬት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፤ ፀሐይ መጥለቂያ ላይ ዋጋው ይንራል። ሜትሮ ውስጥ ማስቲካ ማኘክ እንኳ ያስቀጣል። ከዚያ ወደ ዴይራ ውረዱና አብራ በሚሏት የእንጨት ጀልባ፣ በአንድ ድርሃም፣ ወደ ቡር ዱባይ ተሻገሩ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከዚያ ሁሉ መስታወት ይህች ጀልባ ትበልጣለች።

በጀልባዋ ላይ አማርኛ ሰማሁ። በሰው ቤት የምትሠራ፣ ለዕረፍት ቀኗ የወጣች እኅት ነበረች።

«ሕንፃው ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«አንድ ጊዜ፣ ከአሠሪዎቼ ልጆች ጋር።»

«ቁልቁል ሲያዩት እንዴት ነው?»

«እንጃ፣ ወንድሜ፤ ትንሹ እንዳይጠፋብኝ እሱን ነበር የማየው።»

ባለጀልባው ሳንቲም ሊሰበስብ ሲመጣ፣ እጄን ከኪሴ ሳላወጣ የእኔንም ከፈለች።