«አሁን የት ነው የምታድሩት?»



ልጃችሁን ይዛችሁ ስትመጡ «ከጀመረው ስንት ቀን ሆነው?» ብዬ ከጠየቅኩ በኋላ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፦ «አሁን የት ነው የምታድሩት?» አንዳንድ እናቶች ቅር ይላቸዋል፤ ኑሯቸውን የምመዝን ይመስላቸዋል። የምጠይቀው ግን ለሕክምናው ስለሚያስፈልገኝ ነው። «ሽሮፑን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ» ስል ፍሪጅ፣ መብራትና የሚዘጋ በር ያለው ቤት አለ ብዬ ነው። ከሌለ ግን ለሳንባ ምች በውሃ የሚሟሟውን የአሞክሲሲሊን ኪኒን አዛለሁ፤ እሱ ፍሪጅ አይፈልግም። ካልነገራችሁኝ በምን አውቃለሁ?

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ ጋሳይና ጉና ሥር ሲደርስ፣ ብዙ ቤተሰብ በዚያ ክረምት ልጁን አዝሎ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። እንዲህ ባለ ጭንቅ ሰው ልጁንና ጋቢውን ይዞ ሲወጣ የክትባት ካርዱና የተጀመረው መድኃኒት ቤት ይቀራሉ። ያለ ጦርነትም ቢሆን ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ዕቃውን የሚያነሳ፣ ዘመድ ቤት የተጠጋ፣ ከገጠር መጥቶ አንዲት ክፍል ለአራት የተከራየ ተማሪ ብዙ ነው። በሁሉም ላይ የማየው ሕክምና መቋረጡን ነው።

ስለዚህ እነዚህን ያዙልኝ፦

1. ክትባት፦ አካባቢ ስለቀየራችሁ እንደ አዲስ አይጀመርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። ጊዜው ቢያልፍም፣ ካርዱ ቢጠፋም አቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካርዱን ዛሬውኑ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

2. የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ)፦ ብዙ ሰው በጠባብ ክፍል ሲያድር በቀላሉ ይተላለፋል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ይመርመር። መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይወሰዳል። ከተማ ልትቀይሩ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት የዝውውር ወረቀት ጠይቁ።

3. ከሰል፦ የጉና ብርድ ይገባኛል። ነገር ግን በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያመጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። ከመተኛታችሁ በፊት ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ አውጡት።

4. ግርሻ፦ ተጨናንቆ ሲታደር፣ ልብስም ሳይቀየር ሲቆይ ቅማል ይበዛል፤ ግርሻን የሚያስተላልፈውም እሱ ነው። ለቆ ከቀናት በኋላ የሚመለስ ትኩሳት ካለ ሳትዘገዩ ታከሙ። ልብሱን በፈላ ውሃ እጠቡ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የምታድሩበትን ሁኔታ ራሳችሁ ንገሩት። አያሳፍርም፤ የሚታዘዝላችሁን መድኃኒት ሊያስቀይር ይችላል።

ለምታውቁት ተከራይ ወይም ተፈናቃይ ቤተሰብ ሼር አድርጉላቸው።