የተዘጋጀ ልጅ እና ተሰጥኦ ያለው ልጅ አንድ አይደሉም

በቴክሳስ የሚገኘው የአለን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ለፉትቦል ቡድኑ 18 ሺህ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም አስገነባ። ወጪው 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አዎ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች!

በቴክሳስ ዋና አሰልጣኙ የትምህርት ቤቱ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው። በፍሎሪዳና በጆርጂያ ልጆች በፀደይም ይለማመዳሉ። በብዙ የሰሜን ግዛቶች ግን የውድድር ወቅቱ ሲያበቃ ልጁ ፉትቦሉን ትቶ ወደ ቅርጫት ኳስ ወይም ወደ ትግል ይሄዳል።

ስለዚህ ሁለት የ18 ዓመት ልጆች እኩል ዕድሜ እንጂ እኩል ልምምድ የላቸውም። መልማዮች የሚያዩት ግን ዛሬ የሚችለውን ነው። ነገ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዊስኮንሲኑ ጄ.ጄ. ዋት በሁለት ኮከብ ብቻ የተመዘነ ልጅ ነበር፤ በኋላ የኤንኤፍኤል ምርጥ ተከላካይ ሽልማትን ሦስት ጊዜ ወሰደ። ከካሊፎርኒያ የእርሻ ከተማ ከፋየርባው የወጣውን ጆሽ አለንን ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልፈለጉትም። በሁለት ዓመት ኮሌጅና በዋዮሚንግ በኩል ዞሮ፣ በ2024 የሊጉ ኮከብ ተባለ።

ችግሩ ይህ በር እየጠበበ መምጣቱ ነው። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ዩኒቨርሲቲ ሲቀይሩ አንድ ዓመት መቀመጥ ቀርቷል። አሰልጣኙም ጥሬውን ልጅ ከማብሰል የበሰለውን ከሌላ ቤት ማምጣት ይቀለዋል። ለድሃ ቤተሰብ ልጅ ግን የስኮላርሺፑ ጉዳይ ከጨዋታ በላይ ነው፤ ኮሌጅ የመግባት ወይም ያለመግባት ጉዳይ ነው።