ከበዓል የተረፈው ወይን ጠጅ

እንግዳ ሸኝታችሁ ብርጭቆ ስትሰበስቡ ከጠርሙሱ ውስጥ እኩሌታ የሚሆን ወይን ጠጅ ቀርቶ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ይደፋ እንዳይባል ዋጋው ያሳዝናል፤ ይቀመጥ ቢባል ከሰነበተ በኋላ ሲቀምሱት ፊት ያጨማድዳል፡፡ እኔ በዚህ ጉዳይ ብዕር ያነሣሁት የወይን ጠጅ ጣዕም ዐውቃለሁ ብዬ አይደለም፡፡ በገዛ ቤቴ የሠራሁት ስሕተት ስላለ እርሱን ሳልነግራችሁ ማለፍ ስላልሆነልኝ ነው፡፡

የምንኖረው ገላን ነው፡፡ ባለፈው የገና በዓል ወንድሜ አንድ ጠርሙስ ጉደር ይዞልን መጣ፡፡ እንግዶቻችን ጎረቤቶቻችንና የባለቤቴ የፋብሪካ ባልደረቦች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ጠላውንና ቢራውን ስለመረጡ ጉደሩን የቀመሱት ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ሆኑ፡፡ ባለቤቴም «እንዳይበላሽ እኔ ልጨርሰው» አለ፡፡ ይህችን «እንዳይበላሽ» የምትባል ሰበብ እናንተም በየቤታችሁ የምታውቋት ይመስለኛል፡፡ (ያደረ እንጀራ እንዳይበላሽ ብሎ የሚጨርስ ባል ግን እስካሁን አልገጠመኝም፡፡) በማግሥቱ ሥራ ገቢ ነውና አይሆንም ብዬ ጠርሙሱን ከፊቱ አነሣሁት፡፡

ሰበታ የሚኖሩት አማቴ ለበዓሉ እኛ ዘንድ መጥተው ነበር፡፡ እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጅ ሲጥሉ የኖሩ ናቸው፡፡ ቡሹን መልሼ ስወትፍ አይተው፣ «ልጄ፣ ጠጅን የሚያጠፋው ጎዶሎ ዕቃ ነው፡፡ ከእንስራው ሲቀነስ ወደ ትንሽ ዕቃ ገልብጪው፤ እስከ አፉ ሙዪና ክደኚው» አሉኝ፡፡

ነገሩን ኋላ ሳነበው የእርሳቸው ምክር ከሳይንሱ ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት፡፡ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እንዳስረዳው፣ ወይን ጠጅን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱም ይህን ሥራቸውን የሚሠሩት አየር ሲያገኙ ነው፡፡ ከዚህም ሌላ አየሩ ራሱ፣ የተቆረጠ ፖም እንደሚያጠቁረው ሁሉ፣ የወይን ጠጁን ቀለምና መዓዛ ያበላሻል፡፡ 750 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው ጠርሙስ እኩሌታው ሲጠጣ ባዶውን ቦታ የሚሞላው አየር ነው፡፡ ቡሹን መልሶ መወተፍ ከውጭ የሚገባውን ይከለክላል እንጂ አስቀድሞ የገባውን አያስወጣም፡፡ ቅዝቃዜም ቢሆን ብልሽቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፡፡

ስለዚህ ጠርሙሱ በተቀዳ ቁጥር ወዲያው ቢከደን ይመረጣል፤ እንግዳው እስኪሄድ አፉን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ መተው አይገባም፡፡ ቀይ ወይን ጠጅ ማቀዝቀዣ አይገባም የሚል አነጋገር እሰማለሁ፡፡ እርሱ ላልተከፈተው ይሆናል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ቀዩም ነጩም ማቀዝቀዣ ውስጥ ቆሞ ቢቀመጥ ይበጃል፤ ጠርሙሱ ሲጋደም ከአየር ጋር የሚገናኘው ገጽ ይሰፋልና፡፡ ጉደርም ሆነ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ገበያ ላይ የምናየው የዝዋዩ አካሺያ በዚህ ሁኔታ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል፡፡ እንደ አክሱሚት ያለው ጣፋጩ ትንሽ ይሰነብታል፡፡ ቀዩን ከመጠጣት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ማውጣት ነው፡፡

ወደ ስሕተቴ ልመለስ፡፡ የአማቴን ምክር ተቀብዬ አንድ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አጠብሁና የተረፈውን ጉደር እስከ አፉ ሞላሁበት፤ ከድኜም ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆምሁት፡፡ በማግሥቱ እኔ አዲስ አበባ፣ ቢሮ ሳለሁ፣ የአምስት ዓመቱ ልጄ ማቀዝቀዣውን ከፈተ፡፡ ቀይ ለስላሳ መሰለው፡፡ አማቴ ሲደርሱበት ጠርሙሱን በእጁ ይዞ ፊቱን አጨፍግጎ ቆሟል፤ ጥቂት ቆይቶም ዓይኑን እንቅልፍ እንቅልፍ አለው፡፡ ስልክ ተደውሎልኝ ከቃሊቲ ወዲያ ባለው መንገድ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ያሳለፍኩትን ሰዓት መቼም አልረሳውም፡፡

ጤና ጣቢያ ስደርስ ነርሷ በመጀመሪያ የጠየቀችው ምን ያህል እንደ ጠጣ ነበር፡፡ አማቴ ጠርሙሱን ይዘውት መጥተዋል፡፡ እስከ አፉ ሞልቼው ስለነበር የጎደለው በግልጽ ታየ፤ ሁለት ጉንጭ ያህል ነው፡፡ ነርሷም ከጣቱ ደም ወስዳ ስኳሩን ለካች፡፡ አልኮል በትንንሽ ልጆች ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ሊያደርገው እንደሚችል ያን ጊዜ ነው የተማርሁት፡፡ ጣፋጭ ነገር አጠጡት፤ እስኪመሽም እዚያው አቆዩን፡፡ በግድ ማስመለስ እንደማይገባ፣ ልጁን ከነጠርሙሱ ይዞ ፈጥኖ ወደ ሕክምና መምጣት እንደሚሻል ነገረችኝ፡፡ ማታ ልጄ ራበኝ ሲል ተመስገን አልሁ፡፡

አማቴ አልተቆጡኝም፡፡ ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ ግን፣ «የእኔ እንስራ እኮ ለስላሳ አይመስልም ነበር» አሉኝ፡፡

ያን ሌሊት ሳልተኛ ማዕድ ቤቴን ፈተሽሁ፡፡ ከመታጠቢያው ሥር በውኃ ፕላስቲክ የተሞላ በረኪና አገኘሁ፤ ከሱቅ የገዛሁት እንዲሁ ተሞልቶ ነው፡፡ ከጎኑም ላምባ በሌላ የውኃ ፕላስቲክ አለ፡፡ ልጄ የደረሰው ጉደሩ ጋ በመሆኑ እግዚአብሔርን ማመስገን ይገባኛል፤ በረኪናው ቢሆን ኖሮ የሚለውን ማሰብ አልችልም፡፡ ሁለቱንም አንሥቼ ቁልፍ ባለው ቁም ሣጥን አስገባኋቸው፡፡ እናንተም ይህን ጋዜጣ አስቀምጡና ከመታጠቢያችሁ ሥር ተመልከቱ፡፡

አሁን የተረፈውን ወይን ጠጅ የምገለብጥበት ግማሹን የሚይዝ ትንሽ የወይን ጠጅ ጠርሙስ አለኝ፤ ከነቡሹና ከነወረቀቱ ነው፡፡ ማቀዝቀዣው ላይ ደግሞ ባለቤቴ መቀርቀሪያ ሠራበት፡፡ ጥቂት ብቻ ሲተርፍ በበረዶ መሥሪያው አስረግቼ ለጥብስ አንድ ሁለት ፍሬ ጣል አደርግበታለሁ፤ አዋዜም እበጠብጥበታለሁ፡፡

ከዚያ ከገናው ጉደር የቀረውን ግን ልጠጣውም ልደፋውም አልወደድሁም፡፡ አፈ ሰፊ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ፣ አየር እንዲያገኝ አፉን በስስ ጨርቅ አስሬ፣ አቼቶ ይሆን እንደሆነ ብዬ ከልጁ እጅ ርቆ መደርደሪያው አናት ላይ ሰቅየዋለሁ፡፡ ባለፈው እሑድ ቀመስሁት፤ ለሰላጣ ገና ነው፡፡